ከሳሎን እስከ ማድቤት

እንግዲህ አረፍ በሉና ስሙኝ። የምነግራችሁ በሮቤ ከተማ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ የሆነውን ነው። የዋይፋይ ነገር ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፤ እናንተም በየቤታችሁ ስልካችሁን ወደ ላይ አንሥታችሁ በየጥጉ እየዞራችሁ «እዚህ ጋ ይስባል፣ እዚህ ጋ አይስብም» ስትሉ የከረማችሁ ናችሁና።

ሮቤን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ለማታውቋት፣ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች የባሌ ከተማ ናት። ዙሪያዋን የሲናና ወረዳ ስንዴና ገብስ ከቧታል፤ ጠዋት ብርዱ ፊት ይገርፋል፣ ቀትር ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከተራራው ደመና ይወርድና ዝናቡ ቆርቆሮውን ሁሉ ሲደበድበው ያመሻል። ወደ ደቡብ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ጎባ ናት፣ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ፤ ከጎባ ሽቅብ ብትወጡ ደግሞ ሰኔቲ ነው፣ ጅብራው በጉም ውስጥ ቆሞ የሚታይበት፣ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያድን የሚውልበት ያ ሰፊ አምባ።

ግቢው ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለ ነው። የቤቱን ጌታ ሐጂ ብለን እንሂድ፣ ባለቤታቸውንም አዴ፤ ሰፈሩም እንዲሁ ነው የሚጠራቸው። ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስንዴ ያረሱ፣ በማጭድም ያጨዱ፣ በኮምባይነርም ያሳጨዱ ሰው ናቸው፤ ከዚያው ከስንዴው ባገኙት ከፊት ለፊት የብሎኬት ቤት ሠሩ፣ ልጆቻቸው የተወለዱበትን የጭቃ ቤት ግን አላፈረሱትም፣ ከኋላ እንደቆመ አለ። በጎን በኩል ለመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያከራዩዋቸው ሰርቪስ ክፍሎች ተደርድረዋል፤ ከሁሉም ኋላ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ማድቤት አለ። ማድቤቱ የአዴ ነው። ከሳሎን እስከዚያ ሰላሳ አምስት ሜትር ቢሆን ነው፤ ታሪካችን በሙሉ በዚህች ሰላሳ አምስት ሜትር ውስጥ ነው ያለው።

ዋይፋዩ የገባው ለልጃቸው ሲባል ነው። ልጅቱ ሚኒያፖሊስ ናት፤ እዚያ የኛ አገር ሰው፣ በተለይ ኦሮሞው፣ ብዙ ነው። ዓርብ ዓርብ ሐጂ ከጁምዓ ተመልሰው ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሲቀመጡ፣ እዚያ ገና ሊነጋ ሲል ነው፣ እሷም ከሌሊት ፈረቃዋ የምትመለስበት ሰዓት ነው፤ ያኔ ትደውላለች። መስመሩ እስከ ቤት ድረስ ተስቦ፣ ሳጥኑ ሳሎን ውስጥ ቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀመጠ። አዴም ዕቃ ራቁቱን መቀመጥ የለበትም ብለው፣ በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል አለበሱት።

ሳሎን ውስጥ ነገሩ ሁሉ መልካም ነበር። ሐጂ ልጃቸውን ያያሉ፣ ስለ ዝናቡ ይነግሯታል፣ ስለ ስንዴው ዋጋ ይነግሯታል፣ እሷም ትስቃለች። ችግሩ የመጣው ልጅቱ «እናቴን ማድቤት ውስጥ አሳዩኝ» ያለች ቀን ነው። የምትፈልገው የናቷን ሳሎን መቀመጥ አይደለም፤ አዴ ከሐረና ጫካ የወረደውን ቡና ከነገለባው በቅቤ ሲያበስሉ፣ ያንን ቡና ቀላ፣ ጭሱን፣ የምድጃውን ጥግ ማየት ነው የፈለገችው። እንግዲህ የልጅ ልጃቸው ስልኩን ይዞ በኋላ በር ወጣ፣ የጭቃውን ቤት አለፈ፣ ከዚያም የልጅቱ ፊት አፏን እንደከፈተች ቀጥ ብሎ ቀረ፣ ድምጿም ተቆራረጠና ጠፋ። አዴ ከነማንካቸው ማድቤቱ በር ላይ ቆመው «ምን አለች?» ይላሉ። ምንም አላለችም፤ ሳሎን ቀርታለች።

ከዚያ በኋላ ሐጂ ያደረጉት ሁላችንም የምናደርገውን ነው። ሄደው ከፍ ያለ ፍጥነት ገዙ። ገንዘቡም ተከፈለ፣ ፍጥነቱም መጣ፣ ሳሎን ውስጥ ፊልሙ ሳይቆም መታየት ጀመረ፤ ማድቤቱ ግን እንደነበረው ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። እስከ ቤታችሁ በር የሚመጣው መስመር አንድ ነገር ነው፤ ከሳጥኑ ተነሥቶ በቤታችሁ ውስጥ የሚሄደው ሞገድ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ከኩባንያ ትገዙታላችሁ፤ ሁለተኛው ከገዛ ግድግዳችሁ ጋር የምትተያዩበት ጉዳይ ነው።

ስለ ግድግዳ ካነሣሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት። ዋይፋይ የሚናገረው በሁለት ድምፅ ነው እንበል፤ አንዱ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ነው፣ የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ያህል፤ ሁለተኛው 5 ጊጋ ኸርዝ ነው፣ ርዝመቱ የዚያ ግማሽ ገደማ። ረጅሙ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይታገሣል፣ ብዙ መሸከም ግን አይችልም፤ አጭሩ ብዙ ይሸከማል፣ ግድግዳ ሲያጋጥመው ግን ቶሎ ይደክማል። ብሎኬት ሁለቱንም ያደክማቸዋል፤ ጭቃ ደግሞ በደረቁ ጊዜ ያሳልፋል፣ ዝናብ ሲጠጣ ግን ውኃው ሞገዱን ይውጠዋል። ባሌ በዓመት ሁለቴ የሚዘንብበት አገር እንደመሆኑ የጭቃ ቤት የሚደርቅበት ወር ብዙ አይደለም። ቆርቆሮ ግን ከሁሉም የባሰ ነው። ብረት ስለሆነ አያደክምም፣ ይመልሳል እንጂ፤ የመጣውን ሁሉ ወደ መጣበት። እንግዲህ የአዴ ማድቤት ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው ብያችኋለሁ።

ሁለተኛው መላ ሪፒተር ነበር፣ ሞገዱን ተቀብሎ የሚደግም ዕቃ። ከሱቅ ተገዝቶ የኋላው በረንዳ ላይ ካለው ሶኬት ተሰካ፣ ስልኩም ላይ ምልክቱ ሙሉ ሆነ፣ ቤተሰቡም ደስ አለው፤ ከዚያ ልጅቱ ስትደውል ምልክቱ ሙሉ እንደሆነ ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ይህን ለመረዳት ከሮቤ ወጥተን ሃዋይ ድረስ መሄድ አለብን፤ ሩቅ ነው፣ ግን ታገሡኝ። በ1971 እ.ኤ.አ. በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰን የሚባሉ መምህርና ባልደረቦቻቸው፣ በየደሴቱ ተበትነው የነበሩ ማሽኖችን በሬዲዮ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር አገናኙ፤ አሎሃኔት አሉት። ሁሉም የሚናገረው በአንድ የአየር መንገድ ላይ ስለነበር፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከተናገሩ የሁለቱም ቃል ይበላሽ ነበርና፣ የተበላሸበት ሁሉ በየዕጣው ጥቂት ጠብቆ እንዲደግም ደነገጉ። የዛሬው ዋይፋይ የዚያ ልጅ ነው፤ እሱ እንዲያውም ከመናገሩ በፊት ሌላ የሚናገር እንዳለ ያዳምጣል። ኦዳ ዛፍ ሥር እንደተቀመጡ ሽማግሎች ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ያ ሪፒተር ደግሞ ያለችው ሬዲዮ አንዲት ናት፣ ከሳሎን የሰማውን ቃል በሙሉ ለማድቤቱ መልሶ ሲናገር ያው ቃል አየሩን ሁለት ጊዜ ይይዘዋል፣ ስለዚህ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ምልክቱ ሙሉ የሚሆነው ሪፒተሩን በደንብ ስለምትሰሙት ነው፤ ሪፒተሩ ራሱ ሳሎኑን መስማት አለመስማቱን ስልካችሁ አይነግራችሁም።

ይህን ሁሉ ልጅቱ ሚኒያፖሊስ ሆና ሰማች፣ እዚያም ሰው ጠየቀች፣ «ሜሽ ግዢ» አሏት። ሜሽ ማለት፣ አንድ ትልቅ ሳጥን ብቻውን ከሚጮህ፣ ሦስት ትንንሽ ሳጥኖች በየቦታው ተቀምጠው እርስ በርስ እየተቀባበሉ አንድ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ይዘው ቤቱን በሙሉ የሚሸፍኑበት ነው፤ እናንተ ስልክ ይዛችሁ ስትሄዱ ካንዱ ወደ አንዱ ያሻግሯችኋል። ለቢሮና ለሠራዊት ቀድሞም ነበር፤ ለመኖሪያ ቤት በሰፊው መሸጥ የጀመረው ግን በ2016 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው፣ ኢሮና ጉግል የተባሉት ኩባንያዎች ያኔ አወጡት። ልጅቱም ባለ ሦስት ሳጥኑን፣ ዋይፋይ 5 የሚባለውን፣ ባለ ሁለት ባንዱን ገዝታ፣ ለናቷ በገዛችው ልብስ ጠቅልላ በአክስቷ ልጅ እጅ ላከችው።

ዘመኑ የባሌ ተራሮች ፓርክ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበበት ነው፣ በኛ አቆጣጠር 2016 መባቻ፤ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው። የአክስትየው ልጅ ከቦሌ ወርዶ፣ አድሮ፣ በማግስቱ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሳፈረ። ሻንጣው ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ያንን ካርቶን ግን «ዝናብ ይነካዋል» ብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው፣ ረዳቱም ተቆጣው፣ እሱም አልሰማም። ሞጆን አልፈው፣ ዝዋይን አልፈው፣ ሻሸመኔ ሲደርሱ ምሳ በሉ፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ታጥፈው ኮፈሌን ሲወጡ ብርዱ በመስኮቱ ገባ። ዶዶላን፣ አዳባን አልፈው፣ ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች በፈረስ ሲሄዱ እያየ፣ ሽቅብ ወደ ዲንሾ። ጋይሳይ ላይ ጉሙ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከመንገዱ ዳር የደጋ አጋዘኖቹ ሣር ውስጥ ቆመው አውቶቡሱን ቀና ብለው አዩት፣ ሾፌሩም ፍጥነት ቀነሰ፣ አሜሪካ ለብዙ ዓመት የኖረው ልጅም ካርቶኑን በሁለት እጁ እንደያዘ አንገቱን ወደ መስኮቱ አስግጎ አየ፣ ፎቶ ሊያነሣ እጁን ማስለቀቅ ግን አልሆነለትም። ከዚያ ቁልቁል፣ ሲመሻሽ ሮቤ። ሐጂ በር ላይ ነበሩ። ካርቶኑን ተቀብለው ክብደቱን በእጃቸው መዝነው «ይህች ናት?» አሉ።

የተከለው በሰፈሩ ሞባይል የሚጠግን ልጅ ነው፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ አይቲ ተምሮ፣ ሥራ እስኪያገኝ ብሎ አንዲት ጠባብ ሱቅ የከፈተ፣ ሥራውም በዚያው ሱቅ ውስጥ ያገኘው። መጀመሪያ ያየው ቻርጀሮቹን ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220፤ ግን ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ተብሎ ተጽፎ አገኘውና የሶኬት ማስማሚያ ብቻ ጨመረበት። ቀጥሎ ቡፌው ጋ ሄዶ ዳንቴሉን በሁለት ጣቱ አነሣ።

«አዴ፣ ይቅርታ፣ ይህን ላንሣው፤ ጨርቁ ሞገዱን አይከለክልም፣ ሳጥኑን ግን ያሞቀዋል።»

«ታዲያ አቧራው?»

«አቧራውን እኔ መጥቼ እጠርግልዎታለሁ።»

ሳጥኑንም ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቶ፣ ከቡፌው መስታወት አርቆ፣ በኋላው ግድግዳ መስኮት አጠገብ ከፍ አድርጎ አስቀመጠው። በዚህ ብቻ፣ አንድ ብር ሳይወጣ፣ የጭቃው ቤት መሳብ ጀመረ። ከዚያ አዲሱን የመጀመሪያ ሳጥን ከድሮው ጋር በገመድ አገናኘ፣ ግን ሁለቱም ለየስልኩ አድራሻ ልስጥ ብለው ተጋጩ፤ ይህ ሜሽ በገባበት ቤት ሁሉ የሚያጋጥም ነው፣ አንዳንዱ ጥሪ ይገባል አንዳንዱ አይገባም፣ ሰውም ዕቃው የተበላሸ ይመስለዋል። ልጁ አዲሱን አክሰስ ፖይንት ወደሚባለው አሠራር ቀየረው፣ አድራሻ መስጠቱን ለድሮው ተወለት፣ የድሮውን ዋይፋይ ደግሞ አጠፋው።

አሁን የሁለተኛው ሳጥን ቦታ። ሐጂ «ማድቤት ይግባ፣ የማይስበው እዚያ ነው» አሉ። ልጁ «ሐጂ፣ እዚያ ከገባ እሱም አይሰማም» አለ። ሐጂ አልተዋጠላቸውም፤ ውኃ የሚወሰደው ወደ ጠማው አይደለም እንዴ? ልጁ ስልኩን አወጣና አብረው ሄዱ። የሲግናሉን ኃይል በቁጥር የሚያሳይ ነገር ጭኖበታል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ጥሩ ነው። ሳሎን ከዜሮ በታች 42 ይላል። በረንዳው ላይ 58። የጭቃው ቤት ጥግ፣ ከውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ 64። የማድቤቱን ደፍ ተሻግረው ሲገቡ 83። ሐጂ ቁጥሩን አዩ፣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ወጡ፣ እንደገና ገቡ፣ እንደገና ወጡ፤ «በዚህች ቆርቆሮ?» አሉ። የቪዲዮ ጥሪ ከዜሮ በታች ከ67 ካለፈ ይቸገራል። ስለዚህ ሁለተኛው ሳጥን 64 ያለበት ቦታ ተሰቀለ፣ ራሱ በደንብ የሚሰማበት፣ ወደ ፊትም የሚያሰማበት፤ ሦስተኛው ከማድቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከሁለተኛው በግልጽ በሚታይበት።

በደንብ ከሚሰማበት ቦታ ቆሞ ማቀበል አዲስ ጥበብ አይደለም። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1894 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሐረርም 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘረጋ። ሽቦ የማይደፍረው ተራራ ሲመጣ ደግሞ ሬዲዮ ከጫፍ ወደ ጫፍ መሻገርን ተማረ፤ ከሮቤ ቀና ስትሉ ያለው ቱሉ ዲምቱ፣ 4,377 ሜትር፣ በኢትዮጵያ ከትልልቆቹ ተራሮች አንዱ፣ አናቱ ላይ የቴሌኮም ማማ ቆሞበታል፣ የመኪና መንገዱም እስከዚያ ይወጣል። ማማው ከታች አልተተከለም፤ ሰው የሚኖረው ከታች ሆኖ ሳለ። ልጁ ይህን ሲነግራቸው ሐጂ ወደ ደቡብ ቀና ብለው አዩ፣ ተራራው በደመና ተሸፍኖ ነበር፣ እሳቸው ግን ያለበትን ያውቁታል።

በዚያ ዓርብ አዴ ማድቤት ውስጥ ታዩ። ቡናው ሲፈነዳ ልጅቱ ሰማችው፣ ቅቤው ሲንጫጫ ሰማችው፤ አለቀሰች። አዴ «ምን ያስለቅስሻል፣ ጭሱ እዚያ ደረሰ እንዴ?» አሏት።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ወሬው ወደ ሰርቪሶቹ ደረሰ። ተማሪዎቹ መጡ፣ በአክብሮት ጠየቁ፣ ሐጂም የሰው ልጅ ሊማርበት ነው ብለው አልከለከሉም፣ ሂሳብም አልጠየቁም፤ ይህን ያደረጉት ከልባቸው ነው፣ እኔም ምስክር ነኝ። ታዲያ ማታ ማታ፣ ሁሉም ከትምህርት ሲመለስ፣ ስልኩና ላፕቶፑ ሲከፈት፣ ስልኩን የምታስተናግደውም ሳጥኖቹን የምታቀባብለውም ያችው አንዲት ሬዲዮ ከሳሎን ስትቀበል፣ ለጭቃ ቤቱ ስታቀብል፣ ከዚያ ለሰርቪሱ ስታቀብል፣ በየቅብብሉ እየቀነሰች ማድቤቱ ጋ ስትደርስ የቀራት ትንሽ ነው። እንደገና መቆራረጥ መጣ።

ልጅቱ አሁንም አልሰነፈችም፤ በዓመቱ የአክስቷ ልጅ ሲመለስ አዲስ ሰጠችው። ይህኛው ዋይፋይ 6 ነው፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ማረጋገጫ መሰጠት የጀመረለት፣ ባንዱም ሦስት፤ ሦስተኛው ባንድ ሳጥኖቹ እርስ በርስ ብቻ የሚነጋገሩበት ነው፣ ስለዚህ ያ የግማሽ በግማሽ ነገር ይቀራል። የዋይፋይ 6 ዋናው ትሩፋቱም አንዱን ስልክ እንደ መብረቅ ማስኬዱ ሳይሆን፣ ብዙ ስልክ ሲሰበሰብ ለእያንዳንዱ ጠበብ ያለ ድርሻ እየቆረሰ ባንድ ጊዜ ማስተናገዱ ነው፣ ይህም ለተማሪ ግቢ የተሠራ ይመስላል። ካርቶኑ ላይ ብዙ ሺህ ሜጋ ቢት ተጽፏል፤ እሱን አትመኑት፣ የሁሉም ባንድ ጣሪያ ተደምሮ ነው፣ ወደ ቤቱ የሚገባው መስመር ደግሞ የዚያን ጥቂቱን እንኳ አያህልም።

ተተከለ። የጭቃው ቤት ውስጥ ለውጡ ጎላ፣ ሰርቪሶቹም ደስ አላቸው። ዝናብ ዘንቦ ጭቃው ሲርስ ግን፣ ያ አዲሱ ሦስተኛ ባንድ እሱም 5 ጊጋ ነውና፣ እንደ ወንድሙ ደከመ። ሐጂ አዘኑ። ልጁን አስጠሩት፣ ልጁም ከማድቤቱ በር ላይ ቁጢጥ ብሎ በእንጨት መሬት እየጫረ ጥቂት አሰበና «ሐጂ፣ ገመድ እንቅበር» አለ።

«አንተ ልጅ፣ ገመድ አልባ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ ከአሜሪካ የመጣውን፣ አሁን ገመድ?»

«ከሳጥን ወደ ስልክ አየር ይሁን፤ ከሳጥን ወደ ሳጥን ግን ገመድ ካለ ዝናቡም ጭቃውም አይመለከተውም። አዲሱን ሳይሆን ይህን ነበር መጀመሪያ ማድረግ።»

አብረው ገበያ ወረዱ። ባለ ሱቁ ርካሹን ኬብል አወጣ፤ ልጁ ጫፉን በምላጭ ላጠው፣ አንዷን ቀጭን ሽቦ ነጥሎ ፋቀ፣ ከመዳቡ ቀለም ሥር ነጭ ወጣ። አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተለበጠ። ሌላ ተጠየቀ፣ ተፋቀ፣ ውስጡም ቀይ ሆነ። ካት 6፣ ጥቁር ልባስ ያለው፣ ለውጭ የተሠራ፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ አንድ ጊጋ ቢት ሳይቀንስ ያደርሳል፣ የኛ መንገድ ደግሞ ሰላሳ አምስት ናት። ጥቁር የውኃ ቱቦም ገዙ፣ ገመዱ በውስጡ እንዲያልፍ። ተማሪዎቹ ቅዳሜ ጠዋት ዶማ ይዘው ወጡ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ የግቢውንም ጥቁር አፈር በአጥሩ ጥግ ጥጉን አንድ ክንድ ያህል ቆፈሩት፣ አዴም ገንፎ አበሏቸው።

ጫፉን ማሰር የልጁ ሥራ ነው። ስምንቱን ሽቦ ዘርግቶ፣ በአውራ ጣቱ እያቃና፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይደረድራል፤ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ከዚያ በመቀስ እኩል ይቆርጣል፣ ሶኬቱ ውስጥ ይገፋል፣ በመጭመቂያው ይነክሰዋል። መሞከሪያዋን ሲሰካ መብራቶቹ ተራ በተራ በሩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ስድስት፤ ሰባት ዘለለ፣ ስምንት በራ። ሐጂ «አንዲት አይደለች? ተዋት» አሉ። ልጁ አልተወም። በአራት ሽቦ ብቻም መገናኘቱ አይቀርም፣ ግን ፍጥነቱ ከአንድ ሺህ ወደ መቶ ይወርዳል፣ ሰውም ዓመት ሙሉ ምክንያቱን ሳያውቅ ይኖራል። ቆርጦ ጣለና እንደገና ከነጭ ብርቱካን ጀመረ።

ሲገናኝ ሳሎን የገባው ሁሉ ማድቤት ደረሰ። አሁን ማድቤቱ ቆርቆሮ መሆኑ ራሱ ጠቀመ፣ ሳጥኑ ውስጡ ገብቶ ተሰቅሏልና።

ሁለት ነገር ቀረ። አንደኛው መብረቅ ነው። የባሌ ደጋ ነጎድጓድ ታውቁታላችሁ፤ ከቤት ወደ ቤት የተቀበረ መዳብ ደግሞ መብረቅ ባቅራቢያው ሲወርድ ኃይሉን ይዞ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ከመዳብ ይልቅ የመስታወቱ ፋይበር ቢሆን ይህ ስጋት አይኖርም ነበር፣ ግን ፋይበሩን የሚበይደው መሣሪያ ልጁ እጅ የለም። ስለዚህ ሰማዩ ሲጠቁር ከሁለቱም ጫፍ ይነቀላል፤ ይህን ሥራ የልጅ ልጅየው ወሰደ። ሁለተኛው መብራት ነው። ከዚህ ብዙም በማይርቀው ዋቤ ሸበሌ ላይ መልካ ዋከና አለ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ፣ 153 ሜጋ ዋት፤ ግድብ በጎረቤት መኖሩ ግን መብራት እንዳይጠፋ አያደርግም። ልጁ ለሳሎኑና ለማድቤቱ ሳጥን ሁለት ትንንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አመጣ፤ ላዩ ላይ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይላል፣ ያ በባትሪው ውስጥ ባለው 3.7 ቮልት ሲሰላ 37 ዋት ሰዓት ነው፣ ሳጥኑ 10 ዋት ቢበላ ብክነቱ ተቀንሶ ሦስት ሰዓት ያህል ያቆያል። ለአንድ ዓርብ ይበቃል።

ለተማሪዎቹም የእንግዳ መስመር ለብቻው ተከፈተላቸው፣ ሌላ ስም፣ ሌላ የይለፍ ቃል፣ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ድርሻው ጠበብ የሚል። ቅር አላላቸውም፤ ያን ቦይ የቆፈሩት እነሱ ናቸው።

ዋይፋይ 7 የሚባል በ2024 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፣ ልጅቱም ልላክ ብላ ነበር። አዴ ስልኩን ከሐጂ ተቀብለው «ከላክሽ ጫማ ላኪ» አሏት።

የድሮዎቹ ሦስት ሳጥኖች፣ ባለ ሁለት ባንዶቹ፣ ጤነኛ ናቸውና ቁም ሣጥን ውስጥ ሊቀመጡ አይገባም ተባለ። የሐጂ እኅት ጎባ አሉ፣ የሳቸውም ልጅ ጂዳ ናት። ሐጂ ደወሉላቸውና ስልኩን ለልጁ ሰጡት። ልጁ ሰላምታውን አድርሶ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቆ፣ ከዚያ ስለ መስመሩ ፍጥነት ምንም ሳይጠይቅ «እማማ፣ ግድግዳው ምንድን ነው?» አላቸው።

«ድንጋይ ነው ልጄ፣ የጣሊያን ጊዜ።»

«ውፍረቱስ?»

ሄደው ሲለኩት ይሰማል፤ «ከክንድ ይበልጣል።»

ልጁ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ፣ አርባ ሜትር ገመድ ፍቆ ገዝቶ፣ የጎባ ሚኒባስ ተሳፈረ።